ከቀልድ ቤት የወጡ አስፈሪ ፊልሞች

በቅርብ ዓመታት ካየኋቸው አስፈሪ ፊልሞች መካከል ከአእምሮዬ አልወጣ ያሉኝ በቴሌቪዥን ኮሜዲ ተኮትኩተው ያደጉ ሰዎች የሠሯቸው ናቸው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ቀልድ ዐዋቂ ተመልካቹን እስከ ምን ድረስ ልቡን ሰቅሎ ማቆየት እንዳለበትና በየትኛዋ ቅጽበት እንደሚለቀው ጠንቅቆ ስለሚያውቅ፣ ያንኑ ሙያ ወደ ፍርሃት ሲያዞረው በጭራቅና በደም ብቻ ሊያስፈራን የሚሞክር አዘጋጅ አይደርስበትም።

ዋነኛው ምስክሬ ጆርዳን ፒል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2015 ከኪገን ማይክል ኪ ጋር ባቀረበው «ኪ ኤንድ ፒል» ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማን ሆኖ በረጋ አንደበት ሲናገር፣ አጠገቡ ያለው «የቁጣ አስተርጓሚ» ፕሬዚዳንቱ ዋጥ ያደረጉትን ንዴት እየተንጎራደደ ይጮኽላቸው ነበር። ደጋግሜ አይቼ ደጋግሜ ስቄበታለሁ። እሱው ጽፎ ያዘጋጀውንና በ2017 የወጣውን «ጌት አውት» ስመለከት ግን ያንኑ የታፈነ ስሜት ያለ አስተርጓሚ አገኘሁት። የቤት ሠራተኛዋ ጆርጂና ፊቷ ማያውን ሞልቶት፣ ፈገግታዋን ሳትለቅ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» እያለች ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። ከንፈሯ የሚለውን ዓይኗ ይክዳል፤ ውስጧ ያለውን አውጥቶ የሚጮኽላት ግን የለም። ተዋናይቷ ቤቲ ጋብሪኤል በዚያች አጭር ትዕይንት ያሳየችውን ያህል ሌላ ፊልም በሁለት ሰዓት አላስፈራኝም።

በዚሁ ፊልም ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ወጣቱን፣ የፍቅረኛው እናት ሻይ እያማሰለች ስለ ልጅነቱ ስትጠይቀው፣ ማንኪያው ስኒውን ሲነካ የሚወጣው ድምፅ አፍዝዞ ከተቀመጠበት ወንበር ወደ ጥልቅ ጨለማ ያሰምጠዋል። በየቤታችን የምንሰማው ድምፅ ስለሆነ ነው አብሮን የሚቀረው። በ4.5 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ይህ ፊልም ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማስገባቱና ፒልን በኦሪጅናል ድርሰት ዘርፍ ኦስካር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ጸሐፊ ማድረጉ የሚገባው ነው እላለሁ።

ጆን ክራሲንስኪን የምናውቀው ከ2005 እስከ 2013 በታየው የአሜሪካው «ዘ ኦፊስ» ላይ አለቃው አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር ዝም ብሎ ወደ ካሜራው በሚያይበት አስተያየቱ ነው። በ2018 ያዘጋጀው «ኤ ኳየት ፕሌስ» ያንን ዝምታ የሞት ሽረት ጉዳይ አድርጎታል፤ ድምፅ ያሰማን ሁሉ አውሬዎች ይበሉታልና። ከደረጃው ላይ ሹሉ ወደ ላይ ቀና ብሎ የቀረው ሚስማር እስኪረገጥ ድረስ ትንፋሼን ውጬ ጠብቄያለሁ። መስማት የተሳናት ተዋናይት ሚሊሰንት ሲሞንድስ የምትጫወታትን ልጅ ካሜራው ሲጠጋት ድምፁ ጨርሶ የሚጠፋበትም ሐሳብ ግሩም ነው። የማልስማማው ከሙዚቃው ጋር ነው፤ ዝምታውን አምኖ ሊተውልን ሲገባ በየመካከሉ እየገባ አሁን ፍሩ ይለናል። አውሬዎቹንም በቅርብ አብዝቶ ስላሳየን በመጨረሻው ሩብ ላይ ፍርሃቴ ቀዝቅዟል። እንደነሱ ከቴሌቪዥን ኮሜዲ የመጣው የዛክ ክሬገር «ባርባሪያን»ም (2022) ተመሳሳይ ድክመት አለበት፤ በዝናብ ሌሊት የተከራየችው ቤት ውስጥ ሌላ እንግዳ ያገኘችው ሴት ታሪክ ይሉኝታን ወደ ሥጋት ሲለውጠው ድንቅ ነበር፣ ከምድር ቤቱ በታች ከወረደ በኋላ ግን ያ ስልት ይላላል።

ሁለቱን ዓለማት ፊት ለፊት ያገናኘው በ2022 የወጣው የፒል «ኖፕ» ነው። የመጨረሻው ማሳደድ ቢረዝምብኝም፣ በመካከሉ ያለው የቺምፓንዚው ታሪክ ወደር አላገኘሁለትም። በአንድ የቤተሰብ ኮሜዲ ቀረጻ ላይ ፊኛ ሲፈነዳ ቺምፓንዚው ደንግጦ ተዋንያኑን ያጠቃል፤ ሕፃኑ ተዋናይ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ያያል፤ አንዲት ጫማ በተረከዟ ቀጥ ብላ ቆማለች። ልጁ አድጎ፣ በስቲቨን ዩን ተተውኖ፣ ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ የሚተርከው የሆነውን ሳይሆን፣ በኋላ አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ፕሮግራም ስለ አደጋው የሠራውን ቀልድ ነው። ማን ምን ሆኖ እንደተጫወተ፣ ምኑ እንዳሳቀ እየዘረዘረ ይስቃል። ያቺ ጫማ ይህን በሚተርክበት ክፍል ውስጥ በመስታወት ተከልላ ተቀምጣለች።