የቮልስ ባለቤቶች፣ እኚህን መካኒክ እወቋቸው

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ። በአካል አመስግኛቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ምስጋና ሲሰሙ እጃቸውን በጨርቅ እየጠራረጉ «ተይ እንጂ ልጄ፣ ምን አደረግኩና» ብለው ወደ መሣሪያ ሳጥናቸው ያጎነብሳሉ። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ ይዞ ከጋራዥ ጋራዥ የሚንከራተት ሰው ብዙ መሆኑን ስለማውቅ፣ ዝም ብል ይቆጨኛል።

የእኔ ቮልስ እ.ኤ.አ. የ1966 ስሪት ናት። ሞተሯ 1300፣ ባትሪዋ ዛሬም 6 ቮልት ነው። አባቴ ገዝቷት እኔንና ወንድሞቼን ትምህርት ቤት ያመላለሰባት መኪና ነች። አባቴ ካረፈ በኋላ «ሽጫት፣ ምን ታደርግልሻለች» ያላለኝ ዘመድ የለም። አልሸጥኳትም፤ እስከ ዛሬም ሥራ የምሄደው በእሷ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ግን ጠባይዋ ተለወጠ። ጠዋት ከግቢ ስትወጣ ምንም የላትም። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ከተነዳች በኋላ፣ በተለይ የሽሮ ሜዳን ዳገት ስትይዝ፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ትንገጫገጫለች፣ ከዚያ ጸጥ። ቁልፉን ብመታ ብመታ አትነሳም። ሩብ ሰዓት ያህል አቁሜያት ስሞክር ግን ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ታክሲው ከኋላ ጡሩንባ ይነፋል፣ እኔ መሪውን ይዤ ላብ በላብ እሆናለሁ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ዳር ለማስያዝ እየገፉልኝ «ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት የወሰደች መኪና እኮ ነች፣ አይዞሽ ትነሳለች» አሉኝ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ በቮልስ መወሰዳቸውን ያላነሳልኝ ሰው የለም፤ የዚያን ቀን ግን ከልብ አጽናንቶኛል።

ሦስት ጋራዥ ሄድኩ። ስማቸውን አልጠራም። አንደኛው የቤንዚን ፓምፑን ቀየረ። ሁለተኛው ካርቡሬተሩን ፈትቶ «ቤንዚን አንሷታል» ብሎ ማሳለፊያ ቀዳዳውን በሰፊ ለወጠው። ሦስተኛው ደግሞ ሞተሩን ሁለት ደቂቃ አዳምጦ «ይውረድ፣ ፋሻም ቴስታታም አልቋል» አለኝና የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ እግሬ ተሳሰረ። ከእያንዳንዳቸው ወጥቼ ዳገቱ ላይ በዚያው ቦታ ቆማብኛለች።

ስለ እኚህ ሰው የነገረኝ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው። «ቤት ድረስ የሚመጡ ሽማግሌ አሉ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቮልስ ሲሠሩ የኖሩ» አለኝ። ደወልኩ። ዝም ብለው አስጨረሱኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ይህ ነገር ከመጀመሩ በፊት መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?» ምንም አልተነካም አልኳቸው። «አስቢበት፤ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቤንዚን ሙዪያት» ብለው ዘጉ።

ቅዳሜ በ2 ሰዓት ከታክሲ ወርደው መጡ። በአንድ እጃቸው የእንጨት ሳጥን፣ በሌላው ባዶ የቡና ጠርሙስ ይዘዋል። የሞተሩን ክዳን እከፍታለሁ ስል «ተዪው፤ አሁን ደኅና ነች። ስትታመም ነው ማየት ያለብኝ፤ ነጂኝ» አሉ። ቡና እንኳ ሳይጠጡ ወጣን። ዳገቱ ላይ እንደ ልማዷ ተንገጫግጫ ጠፋች። እኔ ስደነግጥ እሳቸው ደስ አላቸው።

ቀጥሎ ያደረጉትን በዝርዝር የምነግራችሁ፣ ይህን ቅደም ተከተል ያወቀ ሰው ግማሹን የጋራዥ ወጪ ስለሚያድን ነው። መጀመሪያ እሳት ከሚያመነጨው ከቦቢናው የሚመጣውን ወፍራም ሽቦ ከዲስትሪቢዩተሩ ነቅለው ጫፉን ወደ ሞተሩ ብረት አስጠጉና «ምቺ» አሉኝ። ሰማያዊ ብልጭታ ጠሽ ጠሽ አለ። «እሳት አላት። ቦቢናም ፑንቲናም አትንኪ።» ሽቦውን መልሰው፣ የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ነቀሉና ጫፉን ጠርሙሱ ውስጥ ከተቱ። «አሁን ምቺ።» ሞተሩ ዞረ፣ ጠርሙሱ ግን ደረቅ ሆኖ ቀረ። አዲስ ፓምፕ፣ ሙሉ ሰርባትዮ (የቤንዚን ማጠራቀሚያ)፣ ግን ጠብታ የለም።

ከዚያ ወደ ፊት ሄዱ። ሰርባትዮው ያለበትን የፊቱን ኮፈን አስከፍተውኝ «የሰርባትዮውን ክዳን ቀስ ብለሽ ፍቺው፣ ጆሮሽን አስጠጊ» አሉኝ። ሩብ ዙር ሳልጨርስ «ፍ-ስ-ስ-ስ» የሚል ረጅም ድምፅ ሰማሁ፤ ሰርባትዮው አየር ወደ ውስጥ ይስብ ነበር፣ ከውኃ ውስጥ የወጣ ዋናተኛ እንደሚተነፍስ። «አሁን ምቺ» አሉ። ቤንዚኑ በጠርሙሱ ውስጥ ይንዥቀዠቅ ጀመር።

የዚያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። በክረምቱ መኪናዋ ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ሲሸተኝ፣ አሮጌውን ክዳን አንስቼ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ አዲስ ክዳን ገዝቼ ነበር። የእሷ ክዳን አየር የምታስገባበት ትንሽ መተንፈሻ አለው፤ የገዛሁት የለውም። ቤንዚኑ በወጣ መጠን አየር ካልገባ ሰርባትዮው ውስጥ ባዶ እየሆነ ይሄዳል፣ ፓምፑም ቢጎትት ቢጎትት አይመጣለትም። የላስቲክ ውኃ ጠርሙስ በአፌ ገጥሜ አየር ሳላስገባ እንድጠጣ አደረጉኝ። ጠርሙሱ ተጨማደደ፣ ውኃው ቆመ። «ይኸው በሽታሽ» አሉኝ። ሩብ ሰዓት ስትቆም የምትነሳው ደግሞ አየሩ በየስንጥቁ ቀስ እያለ ስለሚገባ ነው። ቤንዚን ሙዪያት ያሉኝም በምክንያት ነበር፤ ሰርባትዮው ሲሞላ ከላይ የሚቀረው አየር ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ትታፈናለች። እኔ ደግሞ እንዳትቆምብኝ እያልኩ ዘወትር ጢም አድርጌ ስሞላት ነበር።

አሮጌውን ክዳን የት ጣልሽው አሉኝ። አባቴ ዕቃ አይጣልም ይል ስለነበር ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ግቢ ተመልሰን መተንፈሻውን በቀጭን ሽቦና በቤንዚን አጸዱት፣ ያለቀውን ጎሚኒ (የክዳኑን ማሸጊያ ጎማ) አውጥተው በልኩ አዲስ ቆርጠው ገጠሙለት። ሽታውም ጠፋ። ሽታው የመጣው ከዚያች ጎሚኒ ነበር፤ ክዳኑ ምንም አልነበረውም። የሦስት ጋራዥ ገንዘብ የበላው በሽታ በአንዲት ቁራጭ ጎሚኒ ተፈታ።

ሌላ መካኒክ ቢሆን እዚህ ላይ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። እሳቸው ቡናቸውን ጠጥተው «እስቲ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቫልቭ እናያለን፤ አንቺ ነሽ የምትሠሪው» አሉኝ። ቱታ ስለሌለኝ የአባቴን አሮጌ ካፖርት ለብሼ ካርቶን ላይ ተኛሁ። የቫልቩ ሽፋን በአንድ ወፍራም ሽቦ ብቻ ነው የተያዘው፤ በካቻቪቴ ሲገፉት ይከፈታል። የአራቱ ሲሊንደሮች የእሳት ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፤ የሞተሩን ፑሊ ግማሽ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ ካዞሩት ግን 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ በተራው ይመጣል። ይህን ሲነግሩኝ እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ። የቫልቩን ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ያደርጉታል። መለኪያዋን ስስ ብረት በጣቴ አስይዘው «ስትጎትቻት ለስለስ ብላ መያዝ አለባት፤ ካልያዘችሽ ላልቷል፣ አልወጣ ካለችሽ ጠብቋል» አሉኝ። ደግሞ የማልረሳው ነገር፦ የሚንጫጫ ቫልቭ አያስደነግጥም፤ የሚያስፈራው ጠብቆ ዝም ያለው ነው፣ በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል። በተለይ 3ኛው ሲሊንደር፤ በእሷ ዘመን ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የንፋሱ መንገድ ላይ ስለተቀመጠበት ከሌሎቹ ይሞቃል። የእኔም ጠብቆ የተገኘው 3ኛው ነው።

ጋራዡ ያሰፋውን የካርቡሬተር ቀዳዳ በድሮው መለሱት። ካንዴላዎቹን ነቅለው አሳዩኝ፤ አራቱም እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን መጨመር ሞተሩን ያፍነዋል እንጂ ጉልበት አይሰጠውም። የተቀየረውን አሮጌ ፓምፕም በጣታቸው ፈትነው «ደኅና ነው፣ ለመጠባበቂያ ያዢው» ብለው ሰጡኝ።

ያስተማሩኝን ሁሉ እዚህ ልጽፈው አልችልም። ዋና ዋናውን ግን ለቮልስ ባለቤቶች ልተወው። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ከሥር ወንፊት እንጂ ማጣሪያ የላትም፤ ስለዚህ በእኛ አቧራ ዘይቱን በየ3,000 ኪሎሜትሩ ቀይሩ ይላሉ። የአየር ማጣሪያዋም ውስጥ ዘይት አለ፣ እሱም ይቆሽሻልና ይታጠብ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ ከነካ መኪናዋ ልትቃጠል ትችላለች፣ ስለዚህ ላዩን በጎማ ሸፍኑት። የቤንዚን ቱቦዎቻችሁን በጣታችሁ እጠፉና እዩ፤ ከተሰነጠቁ ዛሬውኑ ቀይሩ፣ ከሞተሩ በላይ የሚያልፍ ቤንዚን አይቀለድበትም። የእኔ ሁለቱም ተሰነጣጥቀው ነበር፤ ከክዳኑ ይልቅ ይህ ነው ሌሊት ያባነነኝ።

የቺንጋውን (የማራገቢያውን ቀበቶ) ነገር ደግሞ አጥብቀው ነው የነገሩኝ። ቀይዋ የዲናሞ መብራት እየሄዳችሁ ከበራች ዳር ይዛችሁ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ማራገቢያው የሚዞረው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ቻርጅም ንፋስም አብረው ይቆማሉ። ይህቺ መኪና ውኃ የላትም፣ ንፋሷ ከቆመ ብዙ አትቆይም። ቺንጋው የሚጠብቀውና የሚላላው በዲናሞው ፑሊ ሁለት ግማሾች መሃል ባሉት ሮንዴላዎች ነው፤ ከመሃል አንድ ስታወጡ ይጠብቃል፣ የወጣው ሮንዴላ ከዳዶው ሥር ውጭ ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። በአውራ ጣት ስትጫኑት 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ከገባ በቂ ነው። ይህን እኔው ራሴ ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩ፤ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው «እንደገና» ይሉ ነበር።

ለዚያ ሙሉ ቅዳሜ የጠየቁኝ ገንዘብ ከሦስቱ ጋራዦች የርካሹን ሩብ አይሞላም። ጨምሬ ስሰጥ የጨመርኩትን መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነኝ፤ ሽሮ ሜዳ ላይ አንድም ቀን አልቆመችም። ባለፈው ወር ቫልቩን ብቻዬን አስተካክዬ በስልክ ድምፁን አሰማኋቸው። አዳምጠው «በግራ በኩል አንዱ ላልቷል፣ ለነገሩ ግድ የለም» አሉኝ። ከፍቼ ሳየው እውነትም 4ኛው ነበር።

ይህችን መኪና ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ስታመርታት ስለነበር መለዋወጫዋ አሁንም ይገኛል፤ ሶማሌ ተራ ጠይቆ የሚያጣ ሰው ጥቂት ነው። እየጠፋ ያለው የሚያውቃት ሰው ነው። በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያለንን ይዘን የምንቆየው በእንደ እሳቸው ያሉ እጆች ነው። ወጣት መካኒኮች ካላችሁ አብራችሁ ላኳቸው። አጠገባቸው ቁሞ ለሚጠይቅ ሰው አይሰለቹም፤ «ዋናው ነገር መስማት ነው» እያሉ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ያስደግፉታል።

በግልጽ ልንገራችሁ፣ ላሜራና ቀለም አይሠሩም። የአዲስ ዘመን መኪናም አይነኩም። እየሠሩ ስልክ አያነሡም፣ ማታ ደውሉ። እሑድና በዓል ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ቶሎ ቶሎ በሉ የሚላቸውን ሰው አይወዱም፤ አንድ ነገር ሳያረጋግጡ ወደ ሌላው አይሄዱምና ቀኑን ሙሉ ስጧቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፈው ስለለመኑኝ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ አስፈቅጃቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ልጆችዎ ያነቡልዎታል ብዬ ነው፦ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የአባቴን መኪና ብቻ አይደለም የመለሱልኝ፤ ከእሷ ሥር ተኝቼ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

ቀጠሮ የያዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፤ እሳቸው በሚመጡበት ጠዋት ሞተሩን አታስነሱት። ቫልቩን የሚያዩት ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።