ከሃኖይ ወዴት? ሃ ሎንግ ወይስ ኒን ቢን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ቬትናም ዋና ከተማ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ «ሃ ሎንግን ሳላይ ልመለስ?» የሚለው ጥያቄ በዝቷል። አዎ፣ ሳታዩት ብትመለሱ ይሻላል፤ በተለይ ያላችሁ አራት አምስት ቀን ከሆነና ወጪያችሁን የምትቆጥሩ ከሆነ። በምትኩ ኒን ቢን ሂዱ።

መልካቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም ከውኃ ቀጥ ብለው የሚነሱ የኖራ ድንጋይ ተራሮች ናቸው፤ ሃ ሎንግ ባሕር ላይ፣ ኒን ቢን በወንዝና በሩዝ ማሳ መካከል። ሃ ሎንግ በ1994፣ የኒን ቢኑ ትራንግ አን በ2014 ዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። የሚለያቸው ለአንድ ሰዓት እይታ የምትከፍሉት ገንዘብ ነው።

የሃ ሎንግ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ጉብኝት በ40 እና በ50 ዶላር መካከል ይሸጣል። ከሃኖይ በፈጣኑ መንገድ እንኳ አንዱ ጉዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅ ከቀኑ አምስት ሰዓቱ መኪና ላይ ያልቃል። የሚረባ የአዳር መርከብ የፈለገ በነፍስ ወከፍ 120 ዶላርና ከዚያ በላይ ያዘጋጅ፤ ብቻውን የሚጓዝ ደግሞ ለባዶው አልጋ ጭማሪ ይከፍላል። «ሁለት ቀን አንድ ሌሊት» ሲሏችሁ ሰዓቱን ቁጠሩ፦ መሳፈሪያው እኩለ ቀን አካባቢ፣ መውረጃው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። 24 ሰዓት እንኳ አይሞላም። የታሸገ ውኃና ለስላሳ ብዙ ጊዜ ለብቻ ይታሰባል።

የኒን ቢን አዳር ሂሳብ እነሆ፣ አንድ ዶላር በ26,000 ዶንግ ታስቦ። ሚኒባስ ደርሶ መልስ 400,000፣ በቤተሰብ የሚተዳደር ማረፊያ ከነቁርሱ 400,000፣ የትራንግ አን ጀልባ 250,000፣ አካባቢውን ከላይ የምታዩበት የሃንግ ሙዋ ተራራ መግቢያ 100,000፣ የብስክሌት ኪራይ 50,000፣ ምግብ 300,000። ድምሩ 1,500,000 ዶንግ፣ ማለትም ከ60 ዶላር በታች ነው። ክፍሉን ለሁለት ከተካፈላችሁ ደግሞ ይቀንሳል። የመግቢያ ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምር ጥቂት ትርፍ ያዙ።

ትራንግ አን ላይ ጀልባው አራት ሰው ይይዛል፣ ዙሩ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሦስት መስመር አለ። አንደኛው ዘጠኝ ዋሻ ስላለው ብዙ ሰው እሱን ይመርጣል፤ ሦስተኛው ዋሻው ሦስት ብቻ ቢሆንም አንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ግርግሩም ይቀንሳል። እኔ ሦስተኛውን እላለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ የሃኖይ አውቶቡሶች ረፋድ ላይ ሲያራግፉ ሰልፉ ሌላ ነው። ዋሻ ውስጥ ቀዛፊዋ ጎንበስ በሉ ስትል ወዲያው ጎንበስ በሉ፤ ጣሪያው ራስ ይነካል።

ሌላው የጀልባ ጉዞ፣ ታም ኮክ፣ በአቅራቢያው ነው፤ ውበቱ በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ ሩዙ ቢጫ ሲሆን ነው። ግን በሄዳችሁበት መንገድ ትመለሳላችሁ፣ መጨረሻው ላይም በጀልባ የሚሸጡ ሰዎች ለቀዛፊዋ መጠጥ ግዙላት እያሉ ይወተውታሉ።

አየሩም ለኒን ቢን ያደላል። በፌብሩዋሪና በማርች ካፊያና ጭጋግ ስላለ ሃ ሎንግ ላይ ራቅ ያሉት ደሴቶች ይጠፋሉ፤ ትራንግ አን ላይ ገደሉ አጠገባችሁ ስለሆነ ጭጋጉ ያን ያህል አይጎዳም። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ወደብ ሲዘጋ መርከቡ በዕለቱ ጠዋት ይሰረዛል። ስለዚህ ክፍያው ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ በጽሑፍ ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። ሲሰረዝም አትከራከሩ፦ በጁላይ 2025 ድንገተኛ ማዕበል አንድ የጎብኚዎች ጀልባ ገልብጦ ከ30 በላይ ሰው ሞቷል።

የግድ ባሕር ካላችሁ ከሃ ሎንግ አጠገብ ባለው ካት ባ ደሴት እደሩና ከዚያው የላን ሃ ባሕረ ሰላጤን የቀን ጀልባ ያዙ። ድንጋዩ ያው ነው፣ መርከቡ ያንሳል፣ ዋጋውም ይረክሳል።

አሁን ወደ ተመሳስሎ የተሠራው ነገር። በሃኖይ አሮጌ ሰፈር የታወቀ የጉዞ ድርጅት ስም ለጥፈው የሚሠሩ፣ ከድርጅቱ ጋር ግን ምንም የማይገናኙ ቢሮዎች አሉ። ፎቶው የአንዱ መርከብ፣ የምትሳፈሩት ሌላ ይሆናል። ደረሰኙ ላይ የመርከቡ ስም፣ መስመሩ፣ ካያክ መካተቱና ውኃ ላይ የምትቆዩበት ሰዓት ይጻፍ። በኢንተርኔት የሚወጣው የቬትናም ቪዛም እንዲሁ ነው፦ ዋጋው ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር፣ ለብዙ ጊዜ 50 ዶላር ሲሆን እስከ 90 ቀን ያገለግላል። ከዚያ በላይ የሚጠይቃችሁ የመንግሥት መሰል ገጽ የደላላ ነው። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ከነአያት ስም ጻፉ፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ከአውሮፕላን ሊያስቀራችሁ ይችላል።

ለመንገደኛ በርካሽ የሚሸጠውን «ሆንዳ ዊን» ሞተርም ተዉት፤ አብዛኛው ኮፒ ነው። ካርቡሬተሩ ያፈሳል፣ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ለጥገና የሚወጣው ከግዢው ይበልጣል። ኒን ቢን ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት ይበቃል፤ ስትከራዩ ፍሬኑንና ሰንሰለቱን ሞክሩ። ከአሜሪካ የምትመጡ ደግሞ ልብ በሉ፦ እዚያ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ በ1949ኙ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የተሰጠ ስለሆነ የ1968ቱን በምትቀበለው ቬትናም አያገለግልም፤ ኢንሹራንሳችሁም አደጋ ቢደርስ ላይከፍል ይችላል።

ኒን ቢን በፍየል ሥጋ የታወቀች ናት፤ አንዳንዱ ቤት ለብ አድርጎ ስለሚያቀርበው በደንብ ይብሰል በሉ። ጾመኞች «ኮም ቻይ» የሚል ቤት ፈልጉ፤ ግን ተጠንቀቁ፣ የከተማዋ ዝነኛ የተጠበሰ የሩዝ ቅርፊትም በእኛ ጆሮ «ኮም ቻይ» ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥጋ ወጥ ጋር ይቀርባል። ልዩነቱ በመጨረሻው ቃል (chay) «a» ፊደል ላይ ያለችው ጭረት ናት፦ ጭረት ከሌለው የጾም ነው።

ስትከፍሉም 20,000 እና 500,000 ዶንግ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ትልቁን ኖት በሌላ ኪስ ያዙ፤ ማታ በደብዛዛ መብራት ከአንድ ዶላር በታች የከፈላችሁ መስሏችሁ 19 ዶላር ትሰጣላችሁ።