የዲሽ ባለሙያችንን አመሰግናለሁ፤ ለደብረ ብርሃን ነዋሪዎችም እጠቁማለሁ

በደብረ ብርሃን ከተማ በጠባሴ አካባቢ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከእናቴ ጋር ተከራይቼ የምኖር መምህር ነኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ባለፈው የካቲት ቤታችን መጥቶ ዲሽ የተከለልንን ወጣት ባለሙያ በይፋ ለማመስገን ነው። እንደ እኛው ከአከራይ ወይም ከጎረቤት በተሳበ ኬብል ቴሌቪዥን እያያችሁ «በዚሁ እንቀጥል ወይስ የራሳችንን ዲሽ እናስተክል?» እያላችሁ የምታመነቱ ካላችሁም፣ እኛን ለውሳኔ ያበቃንን ነገር ብታውቁት ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ። ምስጋናዬን እስከ ነሐሴ ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ክረምት ያላየ ዲሽ ተፈተነ ለማለት ስለማይቻል ሐምሌ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

እዚህ ግቢ ከገባን አራት ዓመት ሆኖናል። አከራዮቻችን ቅን ሰዎች ናቸው፤ ገና በገባን ሳምንት ከራሳቸው ሪሲቨር መስመር ቀጥለው፣ ኬብሉን በጣሪያው ሥር አሳልፈው ወደ እኛ ክፍል አስገቡልን፤ ለዚህም አንድ ሳንቲም ተቀብለውን አያውቁም። ሆኖም ሪሲቨሩ አንድ በመሆኑ የምናየው እነሱ የከፈቱትን ጣቢያ ብቻ ነበር። ዜና ሲከፍቱ ዜና እናያለን፣ ድራማ ሲከፍቱ ድራማ እናያለን፣ አጥፍተው ሲተኙ የእኛም ይጠፋል። ቀኑን በሥራና በትምህርት ቤት ለምናሳልፍ ሰዎች ይህ የሚያስከፋ አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው እናቴ እግሯ ተሰብሮ ለሕክምና ክትትል ከመሐል ሜዳ ወደ እኛ ከመጣች በኋላ ነው።

የጥምቀት ዕለት የሆነውን አልረሳውም። አከራዮቻችን ታቦት ለማጀብ ከነቤተሰባቸው በማለዳ ወጡ፤ እንደ ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው ቤታቸውን ቆልፈው፣ የክፍላቸውንም መብራት ከቆጣሪው አጥፍተው ሄዱ። እኛም ልጆቹን ይዘን ወጣን። ቀትር ላይ ስመለስ እናቴ ባናዋን እግሯ ላይ ጣል አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የበዓሉን ሥርዓት በቀጥታ ሥርጭት ለማየት እንደተዘጋጀች ከጠቆረው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። «ግድ የለም ልጄ፣ እልልታው ከመንገድ ይሰማኛል» አለችኝ። ጥፋተኛ የሚባል ሰው አልነበረም፤ እኔን ግን እስከ ማታ ሲከነክነኝ ዋለ።

ጉዳዩን ከባለቤቴ ጋር ስናነሣ እሷ በኬብሉ መቀጠሉን መረጠች። በኪራይ ቤት ዲሽ መትከል ገንዘብን በሰው ግድግዳ ላይ ትቶ መሄድ ነው የሚል ሥጋት ነበራት፤ የሰፈራችንን ነፋስም ትፈራ ነበር። ወንድሜ ደግሞ በኢንተርኔት ማየቱ ይሻላል አለ። ይሁን እንጂ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት ከ1 እስከ 3 ጊጋባይት ስለሚበላ፣ እናቴ በቀን ስድስት ሰዓት ብትከፍተው ከ6 እስከ 18 ጊጋባይት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለመምህር ደመወዝ የሚቻል አይደለም። በመካከሉ በስልክ ያነጋገርነው አንድ ሌላ ባለሙያ ግቢያችንን ሳያይ ሁለት ዲሽና አዲስ ሪሲቨር እንደሚያስፈልገን ነግሮን ቀብድ ጠየቀን። ሁለት የሆነበትን ምክንያት ብጠይቀው «እሱን ለእኔ ተዉት» አለኝ፤ እኔም ነገሩን በዚያው ተውኩት።

አሁን የማመሰግነውን ወጣት ያገናኘን አብሮኝ የሚያስተምር ባልደረባዬ ነው። የመጣ ዕለት የዕቃ ቦርሳውን ገና ሳያወርድ፣ ቤቱ የኪራይ እንደሆነ፣ ቴሌቪዥኑን በብዛት የሚያየው ማን እንደሆነ፣ የምንፈልጋቸውም ጣቢያዎች የአገር ውስጥ ብቻ ወይስ የዐረብም ጭምር እንደሆኑ ጠየቀን። ከዚያ ከቴሌቪዥናችን ጀርባ ያለውን የኬብሉን ጃክ ነቅሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አመጣና አሳየኝ። የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። የኬብሉን ልባስ በምላጭ ሲገፈው፣ ከሥሩ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ቀጭን ሽቦ ጠቁሯል፤ በጣቱ ጫን ሲለው የውሃ ጠብታ ወጣ። «መምህር፣ ምስሉን የሚያበላሽባችሁ ይኼ ነው። ችግራችሁ የምስሉ ጥራት ብቻ ከሆነ ኬብሉን ቀይሬላችሁ ልሂድ፤ ዲሽ አያስፈልጋችሁም። የራሳችሁን ጣቢያ መምረጥ ከፈለጋችሁ ግን ኬብል መቀየር አይፈታውም» አለኝ። ዲሽ ተክሎ የሚያድር ሰው ዲሽ አያስፈልጋችሁም ሲል የሰማሁት ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የነገረኝን ሁሉ ያለ ጥርጣሬ ሰማሁት።

እኔም ከአከራዮቻችን ዲሽ የሚመጣውን መስመር ለሁለት አስከፍለን ሪሲቨር ብቻ ብንገዛ እንደማይሻል ጠየቅሁት። ጥያቄውን ሳይንቅ አስረዳኝ። የዲሹ ዓይን የምንለው ኤልኤንቢ ከሪሲቨሩ በሚላክለት የኤሌክትሪክ ኃይል ይታዘዛል፤ 13 ቮልት ሲላክለት አንዱን ዓይነት ሞገድ፣ 18 ቮልት ሲላክለት ሌላውን ይቀበላል። መስመሩን በተራ ማከፋፈያ ለሁለት ብንከፍለው፣ ሁለቱ ሪሲቨሮች የተለያየ ትእዛዝ በሰጡ ቁጥር አንደኛው ቤት ጣቢያ ያጣል። ስለዚህ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ መግዛት ግድ ይላል፤ ይህም ከአዲስ ዲሽ የሚረክስ መፍትሔ መሆኑን ራሱ ነገረን። ሆኖም መሰላል አስደግፎ ወጥቶ ሲያየው የአከራዮቻችን ዲሽ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ቆርቆሮው ላይ በላላ ብሎን የታሰረ፣ ከእኛም ክፍል ሃምሳ ሜትር ያህል የራቀ ነው። ኬብል በረዘመ ቁጥር ሲግናሉ እየደከመ ይሄዳል። አማራጮቹን ከነዋጋቸው በወረቀት ጽፎ ሰጠንና «ተመካከሩበት፤ ነገ ደውሉልኝ» ብሎ የመንገዱን ብቻ ተቀብሎ ሄደ።

በማግስቱ የራሳችንን ዲሽ እንዲተክልልን ወሰንን። ባለቤቴን ያሳመናት ነገር ቢኖር ዲሹ ከነእግሩ ተፈትቶ ቤት ስንቀይር አብሮን ሊሄድ የሚችል መሆኑ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚቀረው በሲሚንቶ የሚደፈን አራት ቀዳዳ ብቻ ነው።

ሁለት ዲሽ የማያስፈልገን ለምን እንደሆነ ያስረዳኝን ደግሞ ለተማሪዎቼም ነግሬያቸዋለሁ። ኢትዮሳት የምንለው ሥርጭት የሚመጣው ኤስኢኤስ የተባለ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ንብረት ከሆነው፣ ኤንኤስኤስ-12 ከተሰኘው ሳተላይት ነው። በ2012 ዓ.ም. ከመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ጋር የሚያምታቱት ብዙዎች ናቸው፤ እሷ ግን ምድርን ለመቃኘት የተሠራች እንጂ ቴሌቪዥን የምታሠራጭ አልነበረችም። ኤንኤስኤስ-12 ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ አናት ይገኛል። ከመሬት ጋር እኩል ስለሚዞር ከእኛ አንጻር አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፤ ዲሹም አንዴ ከተነጣጠረ በኋላ መንቀሳቀስ የሌለበት ለዚህ ነው። ቀድሞ ጣቢያዎቻችን፣ የዐረብ ጣቢያዎች በሚተላለፉበት በናይልሳት ሳተላይት በኩል ሲተላለፉ የየቤቱ ዲሽ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ያይ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከደብረ ብርሃን ሲታይ ናይልሳት በምዕራብ በኩል ከአድማስ 36 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ኢትዮሳት በምሥራቅና በደቡብ መካከል 67 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ወደ አናታችን ተጠግቶ ይገኛል።

ይህ ቁጥር በግቢያችን ምን ትርጉም እንዳለው በእርምጃ ለክቶ አሳየኝ። በስተምዕራብ፣ ከአጥራችን ማዶ የጎረቤት ባሕር ዛፍ አለ። ሃያ ሜትር የሚረዝም ዛፍ ወደ ናይልሳት የሚያየውን ዲሽ እስከ 28 ሜትር ድረስ ይጋርደዋል፤ ወደ ኢትዮሳት የሚያየውን ግን ከ9 ሜትር ወዲያ አያገኘውም። ስለዚህ ለናይልሳት የሚሆን ሁለተኛ ዲሽ ብንገዛ ኖሮ ከዛፉ ጋር ስንታገል እንኖር ነበር፤ ከቤተሰባችንም የዐረብ ጣቢያ የሚፈልግ ሰው የለም።

ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ። ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ እንድንገዛ የመከረን ለክረምቱ ሲል ነው፤ ገጹ ከባለ 60ው በእጥፍ ስለሚበልጥ ብዙ ሲግናል ይሰበስባል። ነፋስም በዚያው ልክ ስለሚገፋው ቆርቆሮ ላይ አልሰቅልም ብሎ፣ በብሎኬት የተሠራውን የማድ ቤቱን ግድግዳ በትራፓኖ በስቶ በትላልቅ ብሎኖች አሰረው። አቅጣጫውን ሲያስተካክል ከመሰላሉ ላይ ሆኖ «እማማ፣ ጨመረ?» እያለ ይጠራ ነበር። እናቴም ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሞላውንና የሚጎድለውን መስመር እየተከታተለች «ጨመረ፣ ጨመረ... አሁን ጎደለ ልጄ፤ ወደነበረበት መልሰው!» ትለዋለች። እሷ «ሞላ!» እስክትል ድረስ ኤልኤንቢውን በጥቂት በጥቂቱ ሲያዞር ቆይቶ ብሎኑን አጠበቀ። ያን ጊዜ ያየሁባትን ፈገግታ ከመሐል ሜዳ ከመጣች ወዲህ አይቼባት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ለዓይን የማይገባ ቢመስልም ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ኬብሉን በቀጥታ ወደ መስኮቱ ከማስገባት ይልቅ፣ ከመግቢያው በታች ትንሽ አንጠልጥሎ ወደ ላይ መለሰው፤ ዝናቡ ኬብሉን ተከትሎ ወደ ቤት እንዳይገባና ከታችኛው እጥፋት ላይ ተንጠባጥቦ እንዲቀር ነው። የውጪውን ጃክ በናስትሮ ደጋግሞ ጠቀለለው። በመጨረሻም የዲሹ እግር ከግድግዳው ብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አሰመረ። «ነፋስ ካነቃነቀው መስመሩ ይሰበራል፤ ያኔ ጥፋቱ የሪሲቨሩ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ» አለን። ይኸው ስድስት ወር ሆነው፤ መስመሩ እንዳለ ነው።

ያልሸሸገን ነገርም አለ። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሲግናሉ ሊደክም እንደሚችል፣ መጋቢትና መስከረም ላይም ለጥቂት ቀናት ረፋዱ ላይ ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ስትሰለፍ ምስሉ ለደቂቃዎች ሊቆራረጥ እንደሚችል አስቀድሞ ነገረን። እንዳለውም ሆነ። በመጋቢት ሁለት ቀን አምስት ሰዓት ገደማ ሲቆራረጥ እናቴ ሳትደነግጥ ጠበቀችው። በሐምሌ መጨረሻ በረዶ ቀላቅሎ የጣለ ዕለት ለሩብ ሰዓት ያህል ጠፍቶ ዝናቡ ሲያባራ ራሱ ተመለሰ። ኬብልን ዝናብ አይነካውም የሚል ሰው ካለ፣ በእኛ ግቢ ይህ ትክክል አልነበረም፤ የተሳበልን መስመር መነሻው ያው ዲሽ በመሆኑ የአከራዮቻችን ሲጠፋ የእኛም አብሮ ይጠፋ ነበር።

ሁሉም ሰው ዲሽ ይትከል ማለቴ አይደለም። በየጥቂት ወሩ ቤት ለሚቀይር፣ ወይም ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንፃ ላይ በደንብ የተሠራ የጋራ ዲሽ ኖሮ ለየቤቱ የራሱ መስመር ለተሰጠው ሰው ኬብሉ ይበቃዋል። የአከራይን ፈቃድ ሳይጠይቁ ግድግዳ መብሳትም ነውር ነው። እኛ አስቀድመን ስናማክራቸው ጋሼ ራሳቸው መሰላሉን ይዘው ቆሙ፤ በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ ልጅ ጠርተው የእነሱን ዲሽ ከቆርቆሮው ላይ አስወርደው ግድግዳ ላይ አሳሰሩ።

ባለሙያው ለዕቃው ከሱቅ የተሰጠውን ደረሰኝ አስረክቦን የእጁን ዋጋ ለይቶ ተቀበለ። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚህ ብጽፈው ያሳስታችኋል። በኢትዮሳት ለሚተላለፉት የአገር ውስጥ ነፃ ጣቢያዎች ወርኃዊ ክፍያ እንደሌለ፣ «ጣቢያ እንከፍታለን» እያለ በየወሩ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው እንዳንከፍልም አስጠንቅቆናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሰፈራችን ሲያልፍ ማንም ሳይጠራው ገብቶ ብሎኖቹን አይቶ ሄደ፤ ለዚህም ገንዘብ አልጠየቀም። እናቴ እስከ ዛሬ «ያ ልጅ እንዴት ነው?» ትለኛለች።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለነገረኝ አላወጣሁም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሰው ግን የእሱን ፈቃድ አግኝቻለሁና እሰጣለሁ። ከደብረ ብርሃን ውጭ እስከ ደብረ ሲናና አንኮበር ድረስ የመንገዱ ከተከፈለው ይሄዳል። የአዲስ ዓመት ሰሞን ሥራ ስለሚበዛበት ቀደም ብላችሁ ብትደውሉለት ይሻላል።