የሁክዎርም ምርመራ በአቃቂ ዳርቻ፦ የአንድ ሰፈር ክሊኒክ ላቦራቶሪ ግምገማ

በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ፣ ከወንዙ ዳር የአትክልት ማሳዎች ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የግል ክሊኒክ አለ። በዚያው አካባቢ ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙትን አክስቴን ለሰገራ ምርመራ የወሰድኳቸው ወደዚህ ክሊኒክ ነው። አገልግሎቱን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ለሕክምና ጥናት ሲባል ሆን ተብሎ ሁክዎርም (በአንጀት የሚኖር ደም መጣጭ ትል) ከተሰጠው ሰው ጥንቃቄ ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቀው ከእርጥብ አፈር ለተያዘው ገበሬ ምን ያህሉ ይደርሰዋል?

ጥናቱ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። በኔዘርላንድ ላይደን፣ በእንግሊዝ ኖቲንግሃም፣ በአሜሪካ ዋሽንግተንና በአውስትራሊያ ኬርንስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ የቆጠሯቸውን የሁክዎርም እጮች በበጎ ፈቃደኞች ቆዳ ላይ በእርጥብ ፋሻ ያስቀምጣሉ። እጮቹ ቆዳውን በስተው ይገባሉ፣ ቦታውም ለቀናት ያሳክካል፤ ከዚያ በደም ወደ ሳንባ ሄደው ወደ ጉሮሮ ይወጡና ሲዋጡ ትንሹ አንጀት ላይ ይጣበቃሉ፤ እንቁላላቸው በሰገራ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ዓላማው አንድም ክትባት መሞከር ነው፣ እስካሁን ለሕዝብ የተፈቀደ የሁክዎርም ክትባት የለምና፤ አንድም ትሉ በሰው አካል ውስጥ ለመኖር የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያለዝብበት ጠባይ ለአስምና ለመሰል ሕመሞች ይጠቅም እንደሆነ ማየት ነው።

ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ከእኛው አገር ሰዎች ጋር የተያያዘ ነው። በጅማ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ሁክዎርም ያለባቸው ሰዎች ሲተነፍሱ የማፏጨት ችግር የሚገጥማቸው ባነሰ መጠን እንደሆነ አሳየ። የኖቲንግሃም ተመራማሪዎችም ለአስም ሕሙማን 10 እጭ ሰጥተው ሞከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤታቸው በአስሙ ላይ ጉልህ መሻሻል አላሳየም። 71 የመልቲፕል ስክለሮሲስ (የነርቭ ሥርዓት ሕመም) ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሌላው ሙከራቸውም፣ በ25 እጭ ተሠርቶ፣ በዋናው መለኪያ ወሳኝ ልዩነት አላገኘም። ያም ሆኖ በእነዚህ ሙከራዎች የተሳተፈ ሰው ስንት እጭ እንደገባበት ይታወቃል፣ ደሙ በየጊዜው ይመረመራል፣ በመጨረሻም ትሉን የሚያስወጣ መድኃኒት ይሰጠዋል። ዕውቀቱ በከፊል ከጅማ ሰዎች ሰገራ የተገኘ ስለሆነ፣ ከዚህ ጥንቃቄ ቢያንስ ሊደረግ የሚቻለው በአቃቂ ክሊኒክም መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ክሊኒኩን ከልብ የማመሰግነው በአንድ ነገር ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የሰገራውን ዕቃ ስትቀበል ክዳኑ ላይ ሰዓቱን በእስክሪብቶ ትጽፋለች፤ አክስቴንም «እማማ፣ ይህ መቼ የወጣ ነው? የትናንት ከሆነ አዲስ ያምጡልኝ» ብላ ጠየቀቻቸው፤ ናሙናውንም ወዲያው ወደ ማይክሮስኮፕ ወሰደችው። ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ውጤቱ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ የሁክዎርም እንቁላል በሞቀ ክፍል ሲውል ሲያድር ይፈለፈላል፣ እጩም ከሌላ ትል እጭ ጋር ሊምታታ ይችላል። በዚሁ አካባቢ ያለ ሌላ የምርመራ ቤት ዕቃዎቹን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ደርድሮ ሲያቆይ ስላየሁ፣ ከዚያ የሚወጣውን «ምንም አልታየም» የሚል ወረቀት አላምነውም።

ጉድለቱ ቆጠራ ላይ ነው። ወረቀቱ «የሁክዎርም እንቁላል ታይቷል» ይላል፤ ስንት የሚለውን አይመልስም። ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ 41.7 ሚሊግራም ሰገራ በመለኪያ ተሠርቶ፣ የታየው እንቁላል በ24 ተባዝቶ በአንድ ግራም ስንት እንደሆነ ይነገራል፤ ከ2,000 በታች ቀላል፣ 4,000 ሲደርስ ከባድ ተብሎ ይመደባል። በዚህ ዘዴ የሁክዎርም እንቁላል ናሙናውን ለማጥራት በሚጨመረው ግሊሰሪን ምክንያት ቶሎ ስለሚደበዝዝ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ መታየት አለበት፤ ሰዓት የምትጽፍ ባለሙያ ላለው ክሊኒክ ይህ የሚከብድ አይሆንም። ቆጠራ ከሌለ የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል ከተዋጠ በኋላ ትሉ መቀነሱን ማረጋገጥ አይቻልም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የደም ምርመራውን ይመለከታል። አንድ ትል በቀን 0.03 ሚሊሊትር ያህል ደም ይመጥጣል፤ አንድ ሁለቱ ምንም አይደሉም፣ መቶ ሲሆኑ ግን ዕለት ዕለት የሚፈሰው ደም አቅም ያሳጣል። ሆኖም ክሊኒኩ የደም ማነስን የሚያሳይ የሄሞግሎቢን መለኪያ እያለው፣ ለአክስቴ ምርመራው የታዘዘላቸው እኔ ከጠየቅሁ በኋላ ነው። ሐኪሙ ጥያቄዬን በትሕትና ተቀብሎ የደም ማነስ መኖሩን አስረድቷል፤ የብረት እንክብልም አዟል። ስለ ጫማ ግን ምንም አልተናገረም፤ በባዶ እግር ወይም በተቀደደ ኮንጎ ጫማ ጭቃ ውስጥ የሚውል ሰው መድኃኒት ወስዶ ሲመለስ እጩ እዚያው አፈር ውስጥ እየጠበቀው ነውና ቦቲ ጫማ ማዘዝ የሕክምናው አካል መሆን ነበረበት።

ዋጋው ከአካባቢው አንጻር መካከለኛ ነው፤ ውጤቱም በዚያው ጠዋት ይደርሳል። ለሰገራ ምርመራ ይህን ክሊኒክ እመርጣለሁ፤ የምትሄዱ ሰዎች የሄሞግሎቢን ምርመራ እንዲታዘዝላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። ለባለቤቶቹ ያለኝ ጥያቄ የመክፈቻ ሰዓቱ ነው፦ በሩ የሚከፈተው ጠዋት በሁለት ሰዓት ሲሆን፣ የአትክልት ገበሬው ግን ገና ሳይነጋ ማሳው ላይ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ናሙና ቢቀበሉ ምርመራው በእርግጥ ለሚያስፈልገው ሰው ይደርስ ነበር።