ቢሯችን ቁጭ ብሎ «ከውጭ ገባሁ» ያለኝ ቴክኒሻን

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

አምስት ሠራተኛ፣ አንድ ሰርቨር፣ አንድ ፕሪንተር ያለን ትንሽ ቢሮ ነን። ከቤት ሆነን ፋይል እንድንከፍት ብለን ቪፒኤን (ከውጭ ሆኖ በኢንተርኔት ወደ ቢሮ ኔትወርክ መግቢያ) ያለው ራውተር ገዛን። ሻጩን ታውቁታላችሁ፤ ጥያቄያችሁን ሳትጨርሱ «ችግር የለውም፣ ገጠማውም ከእኛ ነው» የሚለው ዓይነት።

ሰኞ ቴክኒሻኑ መጣ። ራውተሩን ሰካ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ነካካ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረና «አሁን ቤትዎ እንዳሉ ያስቡ» አለኝ። 192.168.1.10 ብሎ የሰርቨራችንን የውስጥ አድራሻ ጻፈ። የሰርቨራችን ፎልደሮች ዝርግፍ አሉ፤ የደንበኞች ውል፣ የደመወዝ ሰነድ፣ ሁሉም። እኔ ሆዬ አጨበጨብኩ። እውነቴን ነው፣ በሁለት እጄ አጨበጨብኩ! ቀሪውን ክፍያ እዚያው ላኩለት።

ላፕቶፑ ጥግ ላይ የዋይፋይ ምልክት ነበር። የቢሯችን ዋይፋይ። የይለፍ ቃሉን ጠዋት የነገርኩት እኔው ነኝ። ሰውየው እዚሁ ቢሯችን ውስጥ ሆኖ ነው «ከውጭ ገባሁ» ያለኝ። ያን ፎልደር እኮ በአሮጌው ራውተርም ከወንበሬ ሳልነሳ እከፍተው ነበር! ምልክቱን አይቼዋለሁ። ዓይኔ እያየ ነው የተሸወድኩት።

ማታ ቤቴ ሞከርኩ። ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ አይገባም። ደወልኩለት። «ኢንተርኔትህ ነው» አለና ዘጋው። ከመክፈሌ በፊት «እርስዎ» ነበርኩ።

በማግስቱ ሱቃቸው ሄድኩ። ልጅቷ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ግን ቪፒኤን ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ። አጠገቧ ያሉት ሁለቱ ሳቁ። ያበሸቀኝ ደግሞ በደንብ አለማወቄ ነው። «የተገጠመ ዕቃ አንመልስም» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ኔትወርክ የሚያውቅ ጓደኛዬ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ራውተሩ ከኢንተርኔት አቅራቢው ያገኘው አድራሻ በ100.72 ይጀምራል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው አቅራቢዎች ብዙ ደንበኛን ከአንድ ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ በኢንተርኔት የሚደረስበት አድራሻ) ጀርባ የሚያስቀምጡበት ነው። ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ራውተራችን ጋ ጭራሽ አይደርስም። ይሄ ቁጥር የራውተሩ ማስተካከያ ሲከፈት በመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። ቴክኒሻኑ ሳያየው አይቀርም።

አላለቀም። ዕቃው ያለው ቪፒኤን ፒፒቲፒ የሚባለው አሮጌ ዓይነት ብቻ ነው። የይለፍ ቃል ማረጋገጫው ሊሰበር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2012 በአደባባይ ታይቷል። አፕል በ2016 ከአይፎንና ከማክ አውጥቶታል። የእኔ አይፎን ላይ ምርጫው ራሱ የለም፤ ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ሁለቴ አጥፍቼ አብርቻለሁ።

እናንተ ሳትከፍሉ በፊት ላፕቶፑን ከቢሮው ዋይፋይ አውጡትና በስልክ ዳታ ይግባ። ፐብሊክ አይፒ መኖሩንም ራውተሩን ሳትገዙ አቅራቢያችሁን ጠይቁ።

የራውተሩን የይለፍ ቃል ያወጣው ያው ቴክኒሻን ነው፤ እስካሁንም እሱ ጋ አለ። ደግነቱ ከውጭ እሱም አይገባም።