ጥቅምት 17 የገዛሁት መቁጠሪያ፤ አንድ ፍሬ ይጎድለዋል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥ መደብር ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ብር ስቆጥር እውላለሁ። ቤት ገብቼ፣ ልጆቹን አብልቼ፣ ዕቃ አጥቤ ለጸሎት ስቆም ጣቴ አሁንም ብር የያዘ ይመስል ይንቀሳቀሳል። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ ስንት እንደደረስኩ ይጠፋኝና ከአንድ እጀምራለሁ። ከአንድ ስጀምር ደግሞ እንቅልፍ ይጥለኛል። የጸሎት መቁጠሪያ የገዛሁት ለዚሁ ነው።

«የወይራ እንጨት ነው» ተብሎ 180 ብር ከፈልኩበት። ባለ 64 ፍሬ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መስቀል ያለው። የገዛሁት ጥቅምት 17፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ለንግሥ ሄደን ነው፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ወንድሜ ገባ፣ እኔ ከእናቶች ጋር ውጭ ሐይቁን እያየሁ ቀረሁ። ሲመለስ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ መሆኑን እያነሳ መንገዱን ሙሉ ሲተርክልኝ መጣ። እውነቱን ልናገርና እኔ ከዚያ ቀን የማስታውሰው ማንም «ሒሳብ!» ብሎ ሳይጠራኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ መቀመጤን ነው።

ሻጩ ላስቲክ ዘርግቶ ጧፍ፣ ዕጣንና የአንገት መስቀል ደርድሯል። ብሩን ሁለቴ ቆጥሬ ሰጠሁት። መቁጠሪያውን ግን ሳልቆጥር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ሥራዬ መቁጠር ሆኖ!

የዚያኑ ማታ 63 ሆነ። ከመስቀሉ በቀኝ ጀመርኩ፣ 63። በግራ ጀመርኩ፣ 63። በእኛ ሙያ ጎደሎ ሲገኝ ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ንዴቴ ቀላል አልነበረም። 64ቱ እኮ እመቤታችን በዚህ ምድር የኖረችበት ዕድሜ ነው፤ አንዱን ዓመት ማን ወሰደው? ባለቤቴ «ሂጅና መልሽዋ» ብሎ ሳቀብኝ። ለአንድ ፍሬ ሐይቅ ድረስ! በመጨረሻ 64ኛውን መስቀሉን ይዤ ማለት ጀመርኩ።

ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሃያ ሳልደርስ እንቅልፍ እንደሚወስደኝ። «ሃያ ካልሽ ሃያ ብለሻል፤ ጠዋት ከሃያ አንድ ቀጥይ» አሉኝ። መቁጠሪያው የጠቀመኝ ከዚያ ወዲህ ነው። የቆምኩበትን ፍሬ ይዤ እተኛለሁ፤ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ነጠላዬ ሥር ሆኜ እቀጥላለሁ። ቀን የቆጠርኩትን ማታ ለአለቃዬ አስረክባለሁ፤ ከተሳሳተ እጠየቃለሁ። የዚህኛውን ማንም ቆሞ አይረከበኝም። መጀመሪያ ሰሞን እሱንም ልጨርስ እጣደፍ ነበር።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ቀላል ነው፣ ሲነካካ አይንኳኳም፣ የሽርጥ ኪስ ውስጥ ይገባል። ቀለሙ ግን ላብ ሲነካው ይለቃል፤ ነጠላዬ ጥለቱ አጠገብ እስካሁን ቡናማ ነው። ወይራ ደግሞ ቀለም ሲለቅ አላየሁም፤ ሌላ እንጨት ቀብተው እንደሸጡልኝ አልጠራጠርም። ክሩም የማይረባ ነው። ጥር ላይ፣ ገበያ በደራበት ሰዓት፣ እዚያው ሥራ ቦታዬ ተበጠሰና ፍሬው ሁሉ ጣቃው ሥር ተበተነ።

ከጎናችን ሱቅ ያላቸው ሼህ፣ ሙስበሃቸው (የሙስሊሞች መቁጠሪያ) ከእጃቸው አይጠፋም። ሮጠው መጡና «አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጄ» እያሉ አብረውኝ ለቀሙ። ማታ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር አምጥተው እዚያው ደጃፋችን ተቀምጠው ሰኩልኝ። ሲጨርሱ ቆጠሩት። «63 ነው እኮ! አንዱ ጠፍቷል» ብለው እንደገና ጣቃው ሥር ሊያጎነብሱ ሲሉ ድሮም 63 እንደነበር ነገርኳቸው። ሳቃቸው ፒያሳን ሞላው። «የእኔ 99 ነው፤ ቆጥሬ ነው የገዛሁት።» ከዚያ ኪሳቸውን ፈትሸው ከአሮጌ ሙስበሃ የተረፈች አንዲት ጥቁር ፍሬ አወጡ። «ልጨምርልሽ?»

«ይተዉት ሼህ፣ ለምጄዋለሁ» አልኳቸው። ናይለኑ እስካሁን አልተበጠሰም።

እንግዲህ ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ፤ አንዱ ኮከብ የሼህ ክር ነው። እንደ እኔ ማታ እንቅልፍ የሚያሸንፋችሁ ከሆነ ባለ 41ዱን ግዙ፣ ይቀላል። ከተማ ውስጥ ንዋያተ ቅድሳት መሸጫዎች ያለው ክሩ ወፈር ያለ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ቀለሙን ፈትሹ። የትም ግዙ፣ ከሻጩ ፊት ሳትርቁ ቁጠሩት።