ባሕር ዳር ስትመጡ አልጋ የት ትይዛላችሁ?

"ባሕር ዳር ልመጣ ነው፣ የት ሰፈር ልረፍ?" የሚል ስልክ በወር ሁለት ሦስቴ ይደርሰኛል። እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጠዋት ተነስተህ የት ነው የምትሄደው? የብሩን ነገር በኋላ እናወራለን።

ከተማዋ ሜዳ ናት፣ መንገዷ ሰፊ ነው፣ ቀን ቀን ባጃጅ አይጠፋም። ስለዚህ አዲስ አበባ የለመዳችሁት "መሀል ካልሆነ ትራንስፖርት ይገድለኛል" የሚለው ስሌት እዚህ ብዙም አይሠራም። እዚህ ሰፈር ከሰፈር የሚለየው ሌሊቱና ማለዳው ነው። ምን እየሰማችሁ ትተኛላችሁ፣ ስትነሱስ ከደጃችሁ ምን አለ?

ብዙ ሰው የሚያመነታው በሐይቁ ዳርና በመናኸሪያው አካባቢ መካከል ነው። ሐይቁ ዳር ስል ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግራና ቀኝ፣ ዘንባባው የተደረደረበትን መንገድ ይዞ ያለውን ማለቴ ነው። ነባሮቹ ሆቴሎችና ሪዞርቶቹ ያሉት እዚያ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው ከፍ ይላል። መናኸሪያውና ገበያው አካባቢ ደግሞ ፔንሲዮኑ ብዙ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ከአውቶቡስ ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። በወረቀት ላይ ሁለተኛው ያሸንፋል።

አክስቴም እንደዚያ አሰበች። ዘጌ ያለችውን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ገዳም ልሳለም ብላ ከአዲስ አበባ መጣችና፣ እኔን ላለማስቸገር መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዘች። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ጀምሮ ጡሩምባው፣ የረዳቶቹ "ጎንደር! ጎንደር!" የሚለው ጩኸት፣ የበር መንኳኳቱ አላስተኛትም። ውኃም አልነበረም። ጠዋት ስትደውልልኝ ድምጿ ደክሟል። "ልጄ፣ ዓይኔን አልከደንኩም" አለችኝ። ከዚያ ተጣጥበን፣ ቁርስ በልተን፣ ወደ ጀልባው ስንደርስ ረፍዷል። ጣና ላይ ደግሞ ማርፈድ ዋጋ አለው፤ ሐይቁ ማለዳ እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበል ይጀምራል። ዘጌ በትንሽ ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ናት። ስንመለስ ውኃው እየረጨን፣ አክስቴ ነጠላዋን ጨብጣ እየጸለየች ነው የደረስነው።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር አዛወርኳት። ያኔም ሌሊት ድምፅ ነበር፤ ከጊዮርጊስ የሚመጣ የቅዳሴ ድምፅ። እሷ ግን በዚህኛው ደስ ብሏት ነው የነቃችው፣ ተነስታም ወደዚያው ሄደች። እናንተ በትንሽ ድምፅ የምትነቁ ከሆነ ይህንን አስቡበት፣ በተለይ ወር በገባ በ23 እና ሚያዝያ 23 ንግሡ ሲሆን። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው፣ ገንዘቡ ለአንድ ሌሊት እንኳ ከበቃ፣ ሐይቁ ዳር ይደር ነው የምለው። በተለይ ገዳማቱን ለመሳለም የመጣ። ከአልጋችሁ ተነስታችሁ ጀልባው ድረስ በእግር ትሄዳላችሁ፣ በዚያ ሰዓት ታንኳቸውን እየቀዘፉ የሚመጡትን ዓሣ አጥማጆች ታያላችሁ። (ሴቶች፣ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ይፈቀዳል። ጀልባ ስትነጋገሩ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው።)

መናኸሪያው የሚያዋጣው ማታ ገብቶ ሌሊት ለሚወጣ መንገደኛ ብቻ ነው። ለእሱ ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

ፔዳ ሌላ ዓለም ነው። ስሙ የመጣው ከድሮው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ አሁን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ነው። የተማሪ ሰፈር ስለሆነ ምግቡ ርካሽ ነው፣ ፎቶ ኮፒው፣ ካፌው፣ ጁስ ቤቱ ሁሉ አለ። ልጃችሁን ልትጠይቁ ወይም ልታስመርቁ ከመጣችሁ ሐይቁን እርሱት፣ እዚህ እረፉ። የምርቃት ሰሞን ግን አልጋ በጣም ስለሚጠብ ከሳምንታት በፊት ያዙ። ሌላው ጥቅሙ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደው መንገድ በዚህ በኩል መውጣቱ ነው። ፏፏቴው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውኃው ሞልቶ የሚታየው በክረምትና በመስከረም ነው፤ በበጋ አብዛኛው ውኃ ለኃይል ማመንጫ ስለሚውል የሚተርፈው ቀጭን ነው። በሚያዝያ መጥቶ ፖስት ካርድ ላይ ያየውን የሚፈልግ ሰው ሲያዝን ማየት አልወድም።

ሽምብጥ ጸጥ ያለ ነው። ከነቤተሰብ፣ ከነሕፃን ለሚመጣና ቀናት ለሚቆይ ሰው እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ሐይቁም ቅርብ ነው። ችግሩ ማታ ነው፤ ከመሸ ባጃጅ ይቀንሳል፣ ስለዚህ እራታችሁን ውጭ ከበላችሁ መመለሻችሁን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኅዳር 12 እና ሰኔ 12 ለሽምብጥ ሚካኤል ሰው ከየቦታው ስለሚመጣ ጸጥታውን በእነዚያ ቀናት አትጠብቁ።

ዓባይ ማዶን ድሮ አልመክርም ነበር፣ በድልድዩ መጨናነቅ ምክንያት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሐሳቤን አስቀይሮኛል። አሁን ወደ ጎንደር ለሚቀጥል መኪና ያለው ሰው ማዶ ማደሩ ያዋጣዋል። አመሻሽ ላይም ድልድዩን በእግር መሻገር ራሱ መዝናኛ ሆኗል።

የትም ብታርፉ ግን ስልክ ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ውኃ ሃያ አራት ሰዓት አለ? አልጋው አጎበር አለው? ማታ እስከ ስንት ሰዓት መንቀሳቀስ ይቻላል? የመጨረሻው እንደ ጊዜው ስለሚለዋወጥ ባለፈው ዓመት የመጣ ጓደኛችሁ የነገራችሁን አትያዙ። አጎበሩን ደግሞ እንደ ቅንጦት አትዩት። ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ እዚህ የምር ነው፣ ሐይቁ ዳር ያለው ትንኝም ውድ ክፍልና ርካሽ ክፍል አይለይም። "አለ" ካሏችሁ፣ ስትደርሱ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ዘርግታችሁ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ።